እጄን የደበቅኩበት ወር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት አንድ ሰዓት ገባሁ። ማሽኖቹ ታጥበው፣ ተፈትሸው ጠበቁኝ። ስምንት ወንበር፣ ስምንት ሰው። ጋሼ ሜትር እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድመው ሚዛኑ ላይ ቆመዋል። ከዓርብ ወዲህ ሦስት ኪሎ ተኩል ውሃ!

«ጋሼ፣ ምን ጠጥተው ነው?»

«እኔ ምን ጠጣሁ? እንግዳ መጣ። እንግዳ ብቻውን ይጠጣል?»

ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ አምስት ዓመት ሆነ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት እኛ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ ደማቸውን አጥቦ ይመልስላቸዋል። ሁለት መርፌ ነው። አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይመልሳል። አምስቱንም ዓመት የምወጋቸው እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ናቸውና በመርፌ ነገር የሚያታልላቸው የለም። ሰውን ሁሉ በዐይናቸው ይለካሉ። ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ።

ዛሬ ደግሞ ግንዲላ ሊወጋቸው ተጠጋ። ነርስ ሆኖ እኛ ክፍል ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ቁመቱ በር ያህላል፣ መዳፉ ትሪ። ስሙን ያወጡለት ታካሚዎቹ ናቸው፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ምስኪን። ጋሼ ሜትር ክንዳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ድንኳን ስፋ። እኔ ሐር ነኝ» አሉት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደስም አለኝ... ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ሲፈለግ ደስ አይለውም?

ሁለተኛውን መርፌ ስወጋ ክርኔን ወንበሩ ላይ አስደገፍኩ። ከመቼ ወዲህ ነው ይህን የለመድኩት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ቤት። ሻይ ስቀዳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ልጄ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደች።

«እማ፣ እጅሽ...»

«ደክሞኝ ነው።»

«ሁልጊዜ ነው እንዴ የሚደክምሽ?»

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዐይኗ ግን የመርማሪ። ወሬ ቀየርኩ።

ድካም አይደለም። ድካም ቢሆን ጠዋት ይተወኝ ነበር። የእማዬም እጅ እንዲህ ነበር። መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ፣ ፊርማዋን የምትፈርመው በሁለት እጇ ይዛ። ግን እማዬ ሰው አትወጋም ነበር።

ሆድ ይፍጀው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ቡና ተውኩ። ይረዳል ይላሉ። ራሴን አመመኝ እንጂ እጄስ ያው ነው።

ወንበር ስድስት ላይ ያለው ሹፌር እግሩ ማበጡን ደብቆን ከርሟል። ሱሪውን ጠቅልዬ ሳይ ደነገጥኩ። ቆሜ አንድ ሙሉ ስብከት ሰበክኩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አልሰማህም?» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴው ጆሮ ከበደኝ። እጄን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከየት ልጀምር...

የጋሼ ሜትር ግራ ክንድ። የቀኙ መስመር ከሁለት ዓመት በፊት ተዘግቷል፤ የቀራቸው ግራው ብቻ ነው። መስመር የምንለው ሐኪም ሁለት ደም ስር አገናኝቶ ያሰፋውን ነው። ጣት ሲያሳርፉበት እንደተኛች ድመት ንዝር ንዝር ይላል። ሕይወታቸው እሱ ላይ ነው ያለው፤ ሌላ ነገር የለም።

የመጀመሪያው መርፌ በሰላም ገባ። ሁለተኛው ላይ ክርኔን አስደገፍኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ጫፉ ቆዳውን ሲያልፍ እጄ ዘለለ። በትንሹ... የሰሊጥ ፍሬ ታህል። መርፌው ደም ስሩን በስቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ነቅዬ በጨርቅ ተጫንኩት፤ ክንዳቸው ግን ዐይኔ እያየ ተነፋ፣ ጠቆረ። እሳቸው አልጮኹም። ከንፈራቸውን ነክሰው የሚያዩት ክንዳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር።

ዶክተሩ ሮጦ መጣ። «ምን ተፈጠረ?»

ጨርቁን ይበልጥ ተጫንኩ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አሉ ጋሼ ሜትር። «አስነጠሰኝና እጄን መነጨቅኩት።»

«ይማርዎት» አላቸው ዶክተሩ። ላልነበረ ማስነጠስ!

ዝም ብዬ በቀረሁ እንኳ ደግ ነበር። ፋይላቸው ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ «ታካሚው በድንገት በመንቀሳቀሱ ምክንያት»። በጥሩ ጽሑፍ ለመጻፍ ስታገል ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ንዝረቱ አለ። ግን ደክሟል። ክንዱ ሁለት ሳምንት ከዚያም በላይ ማረፍ አለበት ተባለ፤ እስከዚያ በአንገታቸው ቱቦ ይገባላቸዋል። ካልተመለሰስ? ሌላ ክንድ ከየት ይመጣል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የእረፍት ቀኔ። ሁለት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ። ለኃላፊያችን ልደውል ነበር። ምን ልላት? «ጋሼን ያቆሰልኳቸው እኔ ነኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል»? ከዚያስ? መርፌ የማይዝ ነርስ እዚያ ክፍል ምን ይሠራል? ሃያ ስድስት ዓመት ሌላ ምን ተማርኩ?

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ስለ ራሴ ብቻ ነው የማስበው። ክንዱ የእሳቸው ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አሰሯቸው።

ኃላፊያችን ፋይሉን አነበበች። ጥሩ ሰው ናት፣ ክፋት አታውቅም። አንገት ላይ ቱቦ ያለው ሰው እንደዚያ እየተነቃነቀ ቱቦውን ቢነቅለውስ ብላ፣ ሁለቱም እጃቸው ወንበሩ ላይ በጨርቅ እንዲታሰር አዘዘች። በተጻፈው ከሄድን ልክ ናት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያሰራቸው ግንዲላ ነው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ጠበቀ? ላላላው?» እያለ፣ በዚያ ትልልቅ ጣቱ ቋጠሮውን ደጋግሞ እየፈታ አላላው። ጋሼ ለቱቦው ሲባል ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከትተዋል። ሁልጊዜ በነጻው እጃቸው አሮጌ ጋዜጣ ላይ የልብስ ቅድ ይሥላሉ። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ... አራቱ ሰዓት የሚያልፍላቸው እንዲያ ነው። ዛሬ ጋዜጣው ጭናቸው ላይ እንደታጠፈ ቀረ። አፍንጫቸውን ሲበላቸው ዞር ዞር ብለው ሰው ፈለጉ። ሄጄ አከክኩላቸው።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ለምን እንደዚያ አሉ?»

«አስነጥሶኝ ነዋ።»

«አላስነጠስዎትም።»

«ካላስነጠሰኝ ወደፊት ያስነጥሰኛል። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ!»

አንጀቴን በሉት። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ነገ እናገራለሁ። ነገ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሳይረሳኝ በደንብ ልጻፈው።

ልብሴን ሳልቀይር ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። እንደቆምኩ ጀመርኩ። «ጋሼ ሜትር አላስነጠሳቸውም። ክንዳቸውንም አላንቀሳቀሱም። እጄ ነው የዘለለው። ፋይሉ ላይ ውሸት ጽፌያለሁ።»

መነጽሯን አወለቀች።

«እጅሽን ዘርጊ እስቲ።»

ዘረጋሁ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አንስታ መዳፌ ጀርባ ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ ነፋስ እንደያዘው ተርገበገበ። ሁለታችንም አየነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አምስት ወር... ይሆናል።»

«እኔ ስድስት ነው የምለው» አለች።

ምን? አውቃ ነበር! እሷ ብቻ መሰላችሁ? ሁሉም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ሻይ ስታመጣልኝ ስኒውን ግማሽ ብቻ የምትሞላው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ስስታም ነች እያልኩ ሳማት! ግንዲላም... ጋሼ ክንድ አጠገብ በመጣ ቁጥር ቦታዬን ሊነጥቀኝ መስሎኝ ስንት ቀን ገላመጥኩት? ሊያግዘኝ ነበር። «እባክሽ ቀስ ብዬ ልረከባት፣ እንዳይከፋት» ብሎ ኃላፊያችንን ለምኗታል፤ ለእሷ ብቻ፣ በሹክሹክታ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች ኃላፊያችን። «መርፌ አያያዝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አስተማሪዬን እጅሽን አሳዪኝ ልበል? አፈርኩ።»

«ሥራዬስ?»

«ከዛሬ ጀምሮ መርፌ አትይዢም። ሌላውን አስብበታለሁ። አንቺ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ። ስንቱን ሰው ልከሻል፤ አሁን ተራሽ ነው።»

የስህተት ሪፖርቱን ሞላሁ። ፋይሉን አምጥቼ ከዚያች ዓረፍተ ነገር በታች ጻፍኩ፦ «ታካሚው አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው የነርሷ እጅ ነው።» ቀን፣ ፊርማ። ፊርማዬ ጠማማ ነው። ለማሳመር አልሞከርኩም።

ከዚያ ጋሼ ዘንድ ሄጄ ማሰሪያቸውን ራሴ ፈታሁ። ቋጠሮው አስቸገረኝ፤ ማንም ላግዝሽ አላለኝም፣ እሳቸውም ጠበቁ።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ሞኝ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስኪጨርሱ አላናገሩኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ዛሬም ኩርፊያ ነው ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ናቸው የጠሩኝ። እርሳስና ጋዜጣቸውን ይዘዋል።

«ነይ ቁጭ በይ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንቺን ከክረምት ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«አውቀው ነው ክንድዎን የሚሰጡኝ?»

«ታዲያ ብከለክልሽ ምን ትሆኚ ነበር? ስትወጊኝ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አላየሽው። ደግሞ... ከክረምት ወዲህ ትከሻሽ ሁለት ሣንቲ ጠቧል። የበላሽው አይረጋልሽም። እኔም ጭንቀት ልጨምርብሽ?»

ምን ይባላል? እኔ ለኩራቴ ብዬ፣ እሳቸው ለእኔ ብለው፣ ኃላፊያችን አፍራ፣ ግንዲላ ሰግቶ...

«ጋሼ፣ ተከባብረን ተከባብረን ክንድዎን ልናጠፋው ነበር እኮ!»

«ሞኝ ያልኩት ለዚህ ነው። አንቺን ብቻ መሰለሽ? ሁላችንንም ነው።» እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣ «እኔ ዐይኔ ከደከመ ስንት ዓመቴ። ክር የምታስገባልኝ ባለቤቴ ናት። ታዲያ መስፋት ተውኩ? አልተውኩም። አንቺም ክር የሚያስገባልሽ ሰው ያዢ።»

«ግንዲላ አለልኝ።»

«እሱ? ከእጅ አይሻል ዶማ! ሌላ ፈልጊ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

የነርቭ ሐኪም። ልጄ ትምህርቷን ቀርታ አብራኝ መጣች። እምቢ ብላት አልሰማችኝም። ታካሚዎች በሚቀመጡበት ወንበር ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ሁለት ሰዓት ሞላ... ወንበሩ እንዴት ነው የሚቆረቁረው! ይህን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብዬበት አላውቅም።

ሐኪሙ መስመር አስመረኝ፣ ጠመዝማዛ አስሣለኝ፣ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስያዘኝ። ክፉ በሽታ አይደለም አለ። በዘር የሚመጣ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ክኒን አለ፤ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

«መርፌ መውጋት?» አልኩት።

እንደማይሆን ራሱን ነቀነቀ። በትሕትና።

ስንወጣ ልጄ እጄን ያዘችኝ። ትንሽ እያለች መንገድ ስናቋርጥ እኔ እንደምይዛት። ቤት ስንደርስ፣ «ማንቆርቆሪያው ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው፣ ክርክር የለም» አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ክንዳቸው ተፈተሸ። ዶክተሩ ጆሮ ማዳመጫውን አሳርፎ ረጅም ጊዜ ሰማ። እኔ ከዳር ቆሜ የዶክተሩን ፊት አየሁ። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው። ዛሬ መጠቀም እንችላለን» አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጣቴን አሳረፍኩበት። አለ! ንዝር ንዝር ይላል። ድመቷ ተመልሳለች።

ግንዲላ ጓንቱን አጠለቀ። ጋሼ ሜትር ክንዳቸውን ሰበሰቡ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይኸውልዎት እዚሁ አጠገብዎ ነኝ። ጣቴ ያገኛል፣ እሱ ይወጋል። ክር አስገቢ ያዢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አዩኝ። ግንዲላን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ለኩት መሰለኝ። ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ግንዲላ ላቡ ችፍ ብሏል። እጁን አየሁት። ያ ትሪ የሚያህል እጅ... ውልፍት አይልም። ቀናሁበት፤ እውነቱን ልጻፍ፣ ቀናሁበት። ከዚያ ጣቴን አስቀምጬ መንገድ ማሳየት ጀመርኩ። «እዚህ ጋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አትቸኩል። ዝቅ አድርገህ ግባ። በቃ፣ እዚያው።» ደሙ ቱቦው ውስጥ ከፍ ብሎ ታየ። ንጹሕ አገባብ።

«ጨረስክ?» አሉ ጋሼ፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

«ገና ሁለተኛው አለ፣ ጋሼ።»

«የመጀመሪያውን መቼ ወጋኸኝ?»

ግንዲላ ፊቱ በራ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጠሩት። «ስማ። ድንኳን ሰፊ ያልኩህን አንሥቻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«አትቸኩል። ካፖርት ሰፊ ነህ። ሐር ገና ነው።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ጣቴ አገኘ፣ እሱ ወጋ። ሁለቱም በሰላም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ስብሰባ ያዘኝና ዘግይቼ ገባሁ። እየሮጥኩ ወደ ጋሼ ወንበር... ተወግተው አልቀዋል። ማሽኑ ይሠራል፣ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ግንዲላ ወንበር ሦስት ጋ ሌላ ሥራ ይዟል። እንዳየኝ፣ «ብቻዬን ሞከርኩ... ጣትሽ ያለበትን አስታውሼ። ተቆጣሽ?» አለኝ።

ተቆጣሁ? አንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ነው? ኀዘን ነው? አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ያለ እኔ አይሆንም ያልኩት ነገር ያለ እኔ ሆነ። ጋሼም ተኝተዋል። ሲወጉ ተኝተው አያውቁም፣ እኔ ስወጋቸው እንኳ።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። የሹፌሩን እግር አየሁ። እብጠቱ ቀንሷል።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ኃላፊያችን አስባበት ጨረሰች። ከእንግዲህ አዲስ ታካሚ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ማስረዳት፣ ማለማመድ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብሮ መቀመጥ። «እስከ ዛሬ ይህን የሚሠራ ሰው አልነበረንም፤ ስለ ቸኮልን» አለች። ልታጽናናኝ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ዛሬ ግን...

ዛሬ አንዲት ሴት መጣች። ጫማ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት። መስመሩ ከሦስት ወር በፊት ክንዷ ላይ ተሠርቶላት ሲጠነክር ጠብቃ፣ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ክፍሉ በር ላይ ደርሳ ቆመች። ማሽኖቹን አየች፣ የሰው ደም በቱቦ ሲዞር አየች። እግሯ እምቢ አለ። ወንድሟ ከኋላ «ግቢ እንጂ» ይላታል፣ ዶክተሩ «ምንም አይደለም» ይላል፤ እሷ እንደ ችካል ተተክላለች።

ሄጄ እጇን ያዝኩ። በሁለቱም እጄ። ሳላስበው ነው። ድሮ ቢሆን ኪሴ ውስጥ እከታቸው ነበር።

ወደ እጄ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ ፊቴ።

«ሲስተር... አንቺም ፈርተሻል?»

«አይ፣ የእኔ ሳልፈራም እንዲህ ነው። የእጄ ዐመል ነው።»

«አይለቅሽም?»

«አይለቀኝም። አብረን እንኖራለን።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ላላ አለ፤ ሳቅ ለማለት ትንሽ የቀረው።

«በይ እንግዲህ» አለች፣ «አንቺ እኔን ያዢኝ፣ እኔ አንቺን ልያዝሽ።»

ገባን። ተቀመጠች። ግንዲላ ሲወጋት ወደ ክንዷ አላየችም፤ እጄን አጥብቃ ይዛ ስለ ትንሹ ልጇ ጥርስ ታወራኝ ነበር። አራቱን ሰዓት ሙሉ አለቀቀችኝም። ምሳዬን ግንዲላ በላው።